አክስቴን ያስጎበኘው አጎቴ

አጎቴ ረሕመቶ አስጎብኚ ነው። ዛሬም ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ፣ ከወረታ በኩል በሚመጣ መኪና ሁሉ መስኮት አንገቱን እያስገባ ነጭ ፊት ይፈልጋል። ልጅ ሳለሁ ከእሱ የሚበልጥ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳየው መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። ሰላምታ ጠልቼ አይደለም፤ አንዴ ካስቆመኝ የንጉሡን ነጋሪት ታሪክ ከሥሩ ስለሚጀምርልኝ ነው።

ያኔ ግን አብጄለት ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ከአንገቱ ፊሽካ፣ ባጅና አንደኛው መስታወቱ የተሰነጠቀ የሩቅ ማያ መነጽር ይንጠለጠላል። ባጁ ከመንግሥት የተሰጠው ማዕረግ ይመስለኝ ነበር፤ ለምሳው ሲል ከገባበት ስብሰባ ይዞት እንደወጣ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ አስተማሪዎችን፣ የቢሮ ሠራተኞችን፣ ሲቀናው ደግሞ ፈረንጅ ሰብስቦ ወደ እንዶድ ገደል ይነዳቸዋል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ዘርጋ ያለ ድንጋይ አለ፤ ፏፏቴው ከዚያ ሆኖ በሩቁ ይታያል። እዚያ ሲደርስ ፊሽካውን ይነፋና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ንጉሡ ሲሸሹ ነጋሪታቸውን ውኃው ውስጥ እንደጣሉት፣ ክረምት ክረምት ሲመታ እንደሚሰማም ያወራል። ንጉሡ ማን እንደሆኑ የሚወሰነው እንግዳው ከየት እንደመጣ ታይቶ ነው። ለጎንደር ሰው የጎንደር ንጉሥ ናቸው፤ ለሸዋ ሰው የሸዋ። ለፈረንጅ ንግሥት ይሆናሉ፤ ፈረንጅ ንግሥት ይወዳል ባይ ነው። ከዚያ ምሳ ያበላና ይመልሳቸዋል። ወደ ታች፣ ውኃው ሥር፣ እሱ ራሱ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ይህንንም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የምነግራችሁ ስለ አንድ እሑድ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ወሩ ጥቅምት፣ ገብሱ ገና ከማሳ ያልተነሣበት። ያን ዕለት የተጎበኘው ፏፏቴው አልነበረም። የተጎበኘችው የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሹክሪያ ነበረች። ገበያ እንደወጣች ጊደር ዞራ ልትታይ፣ "ትሆናለች" ወይም "አትሆንም" ልትባል ነው የወጣችው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም ነበር።

አያቴ ከሞቱ ወዲህ የሹክሪያ ወሊይ፣ ማለትም ሊድራት የሚገባው ሰው፣ ታላቅ ወንድሟ ረሕመቶ ሆነ። የወረታው ሐጂ ኑረዲን ደግሞ ለልጃቸው ለሳዳም ሚስት ይፈልጋሉ። ሐጂ ሚኒባሶች አሏቸው። "ነገሩ ካማረ አንዱን አንተ ይዘህ እንግዳ ትጭንበታለህ" ብለውታል። አጎቴ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። በወጋችን ልጅት የምትታየው ቤት ውስጥ ነው። ለእንግዶቹ እጅ ታስታጥባለች፤ እነሱም ያኔ አካሄዷን፣ እጇን፣ ዓይኗን ያያሉ። ብታፍርም እየታየች መሆኑን ታውቃለች። አጎቴ ግን ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው። ቤት ውስጥ ከማየት ተራራ ላይ ማየት ይሻላል አለ። ለምን እንደማይነግራት እናቴ ብትጠይቀው፣ "ካወቀች ሆን ብላ ታነክሳለች" ብሎ መለሰላት።

"ይህ ነገር ደግ አይደለም ረሕመቶ፤ እህትህ እኮ ናት።"

"አንቺ ዝም በይ። እንግዳው ደስ ብሎት ከተመለሰ ሚኒባሱ እጃችን ገባ።"

እኔ በሩ ሥር ቆሜ የሰማሁት ይህችን መጨረሻዋን ብቻ ነው። ለእኔ በቃችኝ። ከመንግሥት አንድ ባለሥልጣን ይመጣል፤ ፏፏቴውን አይቶ ከወደደው አጎቴን ሚኒባስ ይሸልመዋል። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል?

ሹክሪያ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና ዘርግታ የምትኖር ልጅ ነበረች። ትንሽ ሳለች አያቴ ጨርቅ በበቅሎ ጭነው ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ ሲዞሩ አብራ ትዞር ስለነበር ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ታውቀዋለች። ረሕመቶ ያኔ ሱቅ ነበር የሚጠብቀው፤ ፀሐይ አይወድም። ባል እንደማይቀርላት ታውቃለች፤ ማግባት አልጠላችም። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወንድሟ ቤት ወጥታ ሌላ ረሕመቶ ቤት መግባት።

ጠዋት ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን። እንግዳው ሳዳም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሾጣጣ ጫማው እያብለጨለጨ ነበር የመጣው። ሽቶው ባጃጇን ሞልቶ ደጋግሞ አስነጠሰኝ። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ዝም ያለው ባለሥልጣን ስለሆነ ነው አልሁ በሆዴ። ለካ የሚለው ጠፍቶት ነው። ሹክሪያ የምሳውን ዘንቢልና የእጅ በትሯን ይዛለች፤ "የከተማ እንግዳ አለብኝ፣ ምሳ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ" ብሎ ነው ያመጣት። እናቴ ደግሞ "ከአክስትሽ ሥር እንዳትለዪ" ብላ እኔን አስከተለች።

ከባጃጅ እንደወረድን አጎቴ ፊሽካውን ነፋ።

"ሹክሪያ፣ አንቺ ከፊት ቅደሚ።"

"ለምን? አስጎብኚው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ቅደሚ አልሁሽ። መንገድ ክፈቺ።"

እኔ ቀናሁ። መንገድ መክፈት ትልቅ ሹመት መሰለኝ። ጥቂት እንደሄድን አጎቴ ወደ እንግዳው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "አካሄዷን አየህ? እንከን የላትም" ሲለው ሰማሁ። እንግዳው ዳገት ስለማያውቅ አረጋገጥ ከአክስቴ እንዲማር እያስተማረው ነው አልሁ። ሐሳቡም ጥሩ መሰለኝ፤ ሰውየው በዚያ ጫማው ብዙ የሚማረው ነበረው።

ቀጥሎ አጎቴ ቆመና ወደ ማዶ ጠቆመ። "ሹክሪያ፣ ያ ጎጆ ደጃፍ ላይ ስንት ሰው ቆሟል?"

"ሁለት" አልሁ እኔ ፈጥኜ።

"አንቺን አይደለም።"

"ሁለት ነው" አለች ሹክሪያ።

"ዓይኗም ደኅና ነው" አለ ለእንግዳው በሹክሹክታ። የአክስቴ ዓይን ለመንግሥት ምን እንደሚጠቅመው አልገባኝም፤ ግን የመንግሥት ነገር ብዙው አይገባኝም ነበርና አለፍሁት።

ከዚያ ቀልድ አመጣ። አጎቴ ያለው ቀልድ አንድ ነው፤ ስለ አንድ ሰነፍ አህያ። ያን ዕለት የፈለገው ግን ሳቁን ሳይሆን ጥርሷን ነበር። ሹክሪያም ሳቀች፤ በአህያው አይደለም፣ በእሱ። እየሳቀች ዘወር ስትል ሁለቱ ወንዶች አፏ ላይ አፍጥጠው አገኘቻቸው። ሳቋ እዚያው ቆመ። "ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው" ብላ ኋላ ነግራኛለች። አልጮኸችም፤ ዘንቢሉንም አልወረወረችባቸውም። ሙያ በልብ ነው። ሻርፗን አጠበቀችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። እኔ ደግሞ ቀልዱ ስላላሳቃት ለአጎቴ አዘንሁለት።

ትንሽ ወረድ እንዳልን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ሰፊ ነው፤ ወደ አጎቴ ድንጋይ ይወስዳል። የግራው ቀጭን ነው፤ ፍየል እንኳ አስቦ የሚገባበት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ የሚወርድ። ሹክሪያ በግራው ገባች።

"ሹክሪያ፣ በቀኝ ነው እኮ።"

"መንገድ ክፈቺ ብለኸኝ የለም? እየከፈትሁ ነው።"

ሳዳም የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። "ይሄኛው የት ያደርሳል?" ብሎ አጎቴን ጠየቀው።

አላውቅም የሚባል ነገር ከአጎቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ደረቱን ነፋ። "ይሄማ ለክብር እንግዳ ብቻ የማወርድበት ልዩ መንገድ ነው" አለ። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው። አካሄዷ እንዲታይለት ከፊት አስቀደማት፤ ከፊት የሄደ መንገድ እንደሚመርጥ ግን አላሰበም። አንዴ አስጎብኚ ነኝ ብሏልና እየተመራ መምራት ግዴታው ሆነ።

የውኃው ድምፅ ከእግራችን በታች እያደገ መጣ። የእንዶዱና የእርጥቡ ድንጋይ ሽታ የእንግዳውን ሽቶ አጠፋው። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ጠበበና ከገደሉ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ቀጭን መደብ መሰለ። ሹክሪያ እኔን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ አሻገረችኝና ዞራ ቆመች።

"ምንም አይደለም፤ በዚህ ስንቱን ፈረንጅ አውርጃለሁ" አለ አጎቴ። በአንድ እጁ ሣር፣ በሌላው ፊሽካውን ጨብጦ በቂጡ ተንሸራተተ። ሱሪው ከኋላው ተተረተረ። ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ "እንዲህ ነው የሚወረድ" አለ። እኔም አመንሁት፤ ለብዙ ዓመት ገደል በትክክል የሚወረደው በቂጥ ይመስለኝ ነበር።

ሳዳም ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። ጫማውን አወለቀ፤ ይዞት ቆመ፤ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ አጎቴን አልፎ አክስቴን ተመለከታት።

"ፈራሁ" አለ። "በየት ልርገጥ?"

አፈርሁለት። ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ለመላው መንግሥት አፈርሁ። ሸሚዝ የለበሰ፣ ሽቶ የተቀባ ወንድ፣ በሴትና በሕፃን ፊት ፈራሁ ይላል። አጎቴም እንደ እኔ ንቆት ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ሹክሪያ ዘንቢሉን አስቀመጠችና የያዘችውን በትር ጫፍ ዘረጋችለት። "ግራ እግርህን ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ አድርግ። ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።"

"አንቺን?"

"እስካሁን ስታየኝ አልነበር?"

የሳዳም ፊት ተለዋወጠ። "ነበር" አለ። "እንደማታውቂ አልነገረኝም። ይቅር በይኝ።" በትሩን ይዞ፣ እግሩን እሷ ባለችው ቦታ ብቻ እያሳረፈ፣ እየተንቀጠቀጠ ተሻገረ። ለምን ይቅርታ እንደጠየቀ አልገባኝም። ስለፈራ ይሆናል አልሁ፤ ሊጠይቅም ይገባው ነበር።

ከታች ስንደርስ የፏፏቴው ርጭት ፊታችንን አጠበው። አጎቴ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የንጉሡን ነጋሪት ጀመረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ የሚሰማን ቃል የለም። ውኃው ሥር እንዲህ እንደሚጮህ በምን ይወቀው? ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተናግሮ ወረደ።

ከፏፏቴው ማዶ ካለው መደዳ እርሻ ላይ የአያ ንጉሴ ቤት ነበር። አያ ንጉሴ የአያቴ የጥንት ደንበኛ ናቸው። ሹክሪያን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "የዚያ ደግ ሰው ልጅ፣ እንዲህ አድገሽ?" እያሉ ጉንጯን ሳሟት። ወዲያው አንድ አውራ ዶሮ ከነነፍሱ፣ ከቢላዋ ጋር አመጡ። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ ስለዚህ እስላም እንግዳ የመጣበት ክርስቲያን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሚስታቸው እትዬ ፋንቱም ለአያቴ ብለው ለብቻ ያስቀመጡትን ድስት ከመደርደሪያው አወረዱ።

አጎቴ ቢላዋውን ተቀበለ። "ቂብላ በዚህ ነው" ብሎ ዶሮውን ይዞ ቁልቁል ወደ ቆላው ዞረ።

አያ ንጉሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኧረ ረሕመቶ፣ አባትህ ሲባርኩ ፊታቸውን ሽቅብ ወደ ንፋስ መውጫ ነበር የሚያዞሩ። ወደዚህስ ሲዞሩ አይቻቸው አላውቅም።"

መካን ከጀርባው አድርጎ ነበር። አገር የሚያስጎበኝ ሰው፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚዞርበትን አቅጣጫ በክርስቲያን ተነገረው። እሱ ግን ምን ተዳው? "ገደል ውስጥ ሲሆን ይለያያል" አለ። እኔም ይህን ዕውቀት ያዝሁና ለጓደኞቼ አስተማርሁ።

አጎቴ የዶሮውን አንገት አየ፤ ቢላዋውን አየ። "ክብሩ የእንግዳ ነው" ብሎ ቢላዋውን ለሳዳም አሳለፈ። ሳዳም "ባርኬ አላውቅም። እንዴት ነው የሚያዘው?" አለ። እንደገና ጠየቀ። የማያውቀው ነገር ብዛቱ ገረመኝ። ሹክሪያ ክንፉን ከእግሩ ሥር እንዲያደርግ ነገረችው፤ ቢስሚላህ ብሎ አረደ፤ ነጭ ሸሚዙም በደም ተረጨ።

ጓዳ ውስጥ እትዬ ፋንቱ ሽንኩርት እየላጡ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት። "አዩሽ?"

"አዩኝ።"

"አንቺስ?"

"እኔም አየሁ።"

"እኔም አየሁት፤ በጣም ትልቅ ነው" አልሁ፣ ስለ ፏፏቴው። እትዬ ፋንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቤት እንደተመለስን አጎቴ ተቀዶ የመጣውን ሱሪውን ለእናቴ ወርውሮ፣ "አዋረደችን፤ አለቀ፤ ሚኒባሱን እርሱት" አለ። ያለቀ ግን አልነበረም። በሳምንቱ የሐጂ ኑረዲን ሽማግሌዎች መጡ። ሹክሪያም ስትጠየቅ "እሺ" አለች። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ወንድሟ ለመኪና የለወጣት መሰላት። እኔ ደግሞ ባለሥልጣኑ ፏፏቴውን ሳይወደው ቀርቶ በምትኩ አክስቴን የወሰደ መሰለኝ። አጎቴ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ከተማውን ዞረ። በሚኒባሱ መስታወት ላይ የሚለጠፍ "ረሕመቶ የጉብኝት አገልግሎት" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሳተመ።

ባለፈው ዓመት ወረታ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። "እውነት ግን ያን ፈሪ ምን አይተሽ ነው ያገባሽው?"

"ፈሪስ ፈሪ ነው" አለች። "በግራው መንገድ ያወረድኋቸው ላባርረው መሰለሽ አይደል? ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚል ልሰማ ነው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ጠይቆ አያውቅም፤ ሲጠፋም ሰው እየመራ ነው የሚጠፋው። ይሄኛው ጠየቀኝ።"

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ዛሬም ዓይኔን አይሞላም፤ ደረጃ ሲወርድ እንኳ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ግን የሚይዘው የእሷን ክንድ ነው፤ እሷም ስትሰጠው ፊቷ ላይ ቅሬታ አይቼ አላውቅም። ወንድሟን ግን አልማረችውም። የተቀጣው በኒካው፣ ጋብቻው በሚታሰርበት ቀን ነው፤ እኔም እዚያው ነበርሁ።

ከኒካው በፊት ወሊዩ ከሁለት ምስክሮች ጋር ወደ ሴቶቹ ክፍል ይገባል፤ ሙሽራዋን ፈቃዷንና መህሯን ይጠይቃል። መህር፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው ስጦታ፣ የሷ የራሷ ነው፤ አባትም ወንድምም አይነካውም። የጠራችውን ሰምቶ ወጥቶ ለሙሽራው ወገን የሚናገረውም ወሊዩ ነው። አጎቴ አዲስ ኮት ለብሶ ገባ።

"ሹክሪያ፣ ለሳዳም ኑረዲን እንድድርሽ ፈቅደሻል?"

"ፈቅጃለሁ።"

"መህርሽ ምንድን ነው?"

ሴቶቹ ወርቁ ምን ያህል እንደሚሆን ሊሰሙ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ሚኒባሱ" አለች ሹክሪያ።

አጎቴ ለመሳቅ ሞከረ። ወደ ምስክሮቹ ዞሮ "ወርቅ ለማለት ነው፤ ደንግጣ ነው" አለ።

"አልደነገጥሁም። ለአንተ ሊሰጥህ የነበረው ሚኒባስ፣ በእኔ ስም።"

ከምስክሮቹ አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰምተናል። ሐቋ ነው። ሂድ ተናገርላት።"

ተከትዬው ሄጄ በመጋረጃው ሥር አጮለቅሁ። አጎቴ በወንዶቹ መሐል ቆመ። መንገድ ሁሉ ላይ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ከጉሮሮው ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሳለ። "መህሯ… ሚኒባሱ ነው" አለ። ሐጂ ኑረዲን ጢማቸውን ደባበሱና ሳቁ። "ባረከላህ። ይሄማ መኪናዬ ከቤቴ አልወጣም ማለት ነው፤ ተቀብለናል።" ሳዳም አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ፈገግታውን ግን አየሁት። አጎቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ።

እየሮጥሁ ወደ አክስቴ ተመለስሁ። "እቴቴ፣ አጎቴ በደስታ እያለቀሰ ነው።"

ሹክሪያ ሂና በሞላው እጇ ከእጅጌዋ መሐረብ ሳብ አድርጋ ሰጠችኝ።

"አዎ፣ ደስታው በዝቶበት ነው" አለች። "ሂጂና ጥረጊለት።"

ሄጄ በሰው ሁሉ ፊት ጠረግሁለት።